ቀን ለጠፋባት ሴት፦ የማህፀን በር ምርመራን ከወሎ ኑሮ ጋር እንዴት ትደርቢዋለሽ?

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ቡና ተፈልቶ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ወሬ ከተነሳ፣ «ሰምቼ አላውቅም» የምትል ሴት ዛሬ ብዙም አትገኝም። የሚሰማው ሌላ ነው። «ልሄድ ነበር እኮ፣ ግን መቼ ልሂድ?» ልጅ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት። ሊጡ ኩፍ ብሏል። ሱቁ ካልተከፈተ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ያልፋል። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ አለ። ዛሬ ደግሞ የሚያምሽ ነገር የለም። ያላመመ ነገር ሁልጊዜ ወረፋው መጨረሻ ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ሴት ነው። ማሳመን አያስፈልጋትም፣ ቀን ነው የጠፋባት። ምክሬም አጭር ነው። ለምርመራው ብለሽ ለብቻው ቀን አትፈልጊ፣ አታገኚውም። ቀድሞውንም ከማይቀርልሽ ጉዞ ጋር ደርቢው። የቀረው ሁሉ አደራረቡ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ኤች ፒ ቪ በሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ሰውነትም ብዙ ጊዜ ራሱ ያጠፋዋል። አልጠፋ ብሎ የሚቆየው ነው የማህፀን በሩን ቀስ በቀስ የሚለውጠው። ካንሰር እስኪሆን ድረስ ጤነኛ በሆነች ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ኖሮባት መድኃኒት ባልጀመረች፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ምርመራው የሚፈልገው ይህንን የመሀል ጊዜ ነው። ካንሰር ያልሆነውን፣ ግን መንገድ የጀመረውን።

በአገራችን ለዚህ ምርመራ የሚጠሩት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለእሷ ከ25 ዓመት ጀምሮ ይመክራል። የድግግሞሹ ነገር በምርመራው ዓይነት ይወሰናል። ማህፀን በሩ በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ በሚመስል ፈሳሽ) ተቀብቶ በዓይን የሚታየው ከሆነ የድርጅቱ ምክር በየ3 ዓመቱ ነው። ናሙና ተወስዶ ቫይረሱ የሚፈለግበት የኤች ፒ ቪ ምርመራ ከሆነ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፣ ኤች አይ ቪ ላለባት ደግሞ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ። ካርድሽ ላይ ሌላ ቀጠሮ ከተጻፈ የካርድሽን ያዢ።

በ30 ዓመትሽ ጀምረሽ እስከ 49 በየ3 ዓመቱ ብትሄጂ ስንት ይመጣል? ሰባት ጊዜ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰባት ግማሽ ቀን። ለአንድ ሠርግ ከዚያ በላይ ሥራ ፈትተን እናውቃለን።

ከዚህ ሒሳብ ውጭ የሆነ ነገር አለ። ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ፣ የወር አበባሽ ጊዜ ሳይደርስ ወይም ጭራሽ ካቆመ በኋላ ከደማሽ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለሽ፣ ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም ካለሽ፣ ከዚህ በታች ያለውን አታንብቢ። መደረብም ቀን መምረጥም የለም። ነገ ጠዋት ሂጂና ምልክቱን ሳትሸፋፍኚ ተናገሪ።

አንደኛ፦ ሳትደውዪ አትሂጂ

ምርመራውን የሚሠራው የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ጤና ኬላ ላይ አትጠብቂው። የኬላዋ ጤና ኤክስቴንሽን ግን የት እንደሚሠራ ታውቃለች፣ ካላወቀችም ደውላ ትጠይቅልሻለች። ደሴ ላይ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ፣ ወደ ሰሜን ወልድያ ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ከእነሱ አትጀምሪ። ትልቅ ሆስፒታል ማለት ትልቅ ወረፋ ማለት ነው። ከሰፈርሽ ጤና ጣቢያ ጀምሪ።

«እገሊት እዚያ ተመርምራለች» የሚለውንም ብቻ ይዘሽ አትነሺ። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የወሎ ጤና ተቋማት ዕቃቸው ተዘርፏል፣ ባለሙያም ተበትኗል። ያኔ የነበረው ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ያልነበረውም ዛሬ ሊኖር ይችላል።

ስትደውዪ የምትጠይቂው ይህንን ነው። ምርመራው በየትኞቹ ቀናት ነው? ባለሙያዋ ሥልጠና ወይም ፈቃድ ላይ አይደለችም? አሴቲክ አሲዱ አላለቀም? የምታየኝ ሴት ናት? ነገር ከተገኘ እዚያው ያክሙኛል ወይስ ሪፈር ነው? ይከፈላል? የጤና መድን ደብተሬ ይይዝልኛል?

ጥያቄው በዛ ብለሽ አትፈሪ። ከገጠር መኪና ተሳፍራ መጥታ «ዛሬ ባለሙያዋ የለችም» ተብላ የተመለሰች ዘመድ አለችኝ። እንደገና አልሄደችም። የተናደደችው በጠፋው ቀኗ ነው፣ እውነቷንም ነው።

ስለ ሴት ባለሙያ መጠየቅ ነውር የለውም። ሙስሊም ብትሆኚ፣ ክርስቲያን ብትሆኚ፣ ወይም ዝም ብለሽ ብታፍሪ፣ «ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ መቼ ነው ተረኛዋ?» ማለት ይበቃል። በስልክ ስትጠይቂው ቀላል ነው። በር ላይ ደርሰሽ ስትጠይቂው ግን ሌላ ቀን ተመለሺ ልትባዪ ነው።

ሰዓቱንም እወቂ። የመንግሥት ተቋም ጠዋት 2፡30 ይገባል፣ 6፡30 ለምሳ ይወጣል፣ ከሰዓት 7፡30 ተመልሶ እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ ግን ምሳው ረጅም ነው፣ ከ5፡30 እስከ 7፡30። ዓርብ 5 ሰዓት ላይ ደርሰሽ ካርድ እያወጣሽ 5፡30 ቢሞላብሽ በማንም አትፍረጂ።

ሁለተኛ፦ የምትደርቢበትን ጉዞ ምረጪ

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው።

ከሁሉ የሚቀናው የቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ ነው። ክንድሽ ላይ ኢምፕላኖን ካለ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው። የአሴቲክ አሲዱም ምርመራ በየ3 ዓመቱ ነው። የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ሁለቱን በአንድ ቀን ጨርሺ፣ ከዚያ በኋላ ሒሳብ መያዝ እንኳን አያስፈልግሽም። ሉፕ የምታስገቢ ወይም የምታስወጪ ከሆነ ደግሞ ስፔኩለሙ (ማህፀን በሩ እንዲታይ የሚገባው መሣሪያ) ያው አንዱ ነው፣ አንዴ ከተኛሽ አይቀር «ማህፀን በሬንም እዪልኝ» በያት። በየ3 ወሩ ዲፖ የምትወጋ ሴት በዓመት አራት ዕድል አላት። አንዱን ብቻ ትጠቀምበት። ይህ ሁሉ ብዙ ቦታ የሚሠራው በዚያው በእናቶችና ሕፃናት ክፍል አካባቢ ነው፣ ከኮሪደር ኮሪደር እንጂ ከከተማ ከተማ አይደለም።

ሁለተኛው የልጅ ክትባት ነው። ልጅ በ45 ቀኑ ይከተባል፣ ቀጥሎ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያ ለኩፍኝ በ9 ወሩ፣ እንደገና በ15 ወሩ። እኔ የምመርጠው የ9 ወሩን ነው። በ45 ቀን ላይ አራስ ነሽ፣ ገና አልጠነከርሽም፣ ልጁም ከጡት አይለቅም። በ9 ወሩ ግን ከሌላ ሰው እቅፍ ላይ ትንሽ ይቆይልሻል። የወሎ እናት የልጅ ክትባት አታስቀርም። ለልጅሽ የማትቀሪበት ቀን ላንቺም ይሁን።

ሦስተኛው ገበያ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ቀኑ ይወስናል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞ ጤና ጣቢያ ክፍት ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለገበያ የምትወርድ ሴት መኪናውን ለሁለት ጉዳይ ከፈለች ማለት ነው። የላሊበላ ገበያ ግን ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ከድንገተኛና ከወሊድ ውጭ ብዙም አታገኚም። ስለዚህ ያንቺ ገበያ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ ይህን እርሺው፣ ሌላ ፈልጊ። ገበያሽ በሥራ ቀን ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትሳቺ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ገበያ። «ሸጬ ስጨርስ እገባለሁ» ካልሽ አለቀ። ዕቃሽ ይሸጥና የመመለሻው መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ አንቺም ትሮጫለሽ።

ለገበሬ ቤት ደግሞ በዓል አለ። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ብዙ ቦታ እርሻ አይነካም፣ አይታረምም፣ አይታጨድም። ወር በገባ የሚውለው በዓል ግን የመንግሥት በዓል አይደለም፣ በሥራ ቀን ከዋለ ጤና ጣቢያው ይሠራል። በ12፣ በ21 ወይም በ27 ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመሽ በዚያው ማለፍ ትችያለሽ። በዚህ ቀን ባልሽም ቤት ነው፣ ልጆቹን ያያል። በሙስሊም ቤት ዓርብ እንዲህ የተመቸ ነው፣ ግን ከላይ ያልኩትን የዓርብ ምሳ አስቢና በጠዋት ጨርሺው። የረመዳንን ወር ለዚህ አትምረጪ፣ ለጾመኛ የሚከብድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ቀደም አድርጊው ወይም ከዒድ በኋላ አቆዪው።

ፋብሪካ ወይም ቢሮ የምትውይ ከሆነ ነገሩ ፈቃድ ነው። ኮምቦልቻ ፈረቃ የምትገባ ሴት ዕድለኛ ናት፣ ከሰዓት ፈረቃ በሆነችበት ሳምንት ጠዋቷ የራሷ ነው። ቋሚ ሰዓት ያላት ግን የግማሽ ቀን ፈቃድ ትጠይቅ። አለቃሽ ወንድ ከሆነና ከንፈርሽ አልላቀቅ ካለ፣ ዝርዝሩን መናገር የለብሽም። «የሕክምና ቀጠሮ አለኝ፣ ወረቀት አመጣለሁ» በዪ። ስትጨርሺ ለሕክምና መምጣትሽን የሚያሳይ ወረቀት ከጤና ጣቢያው ጠይቂ፣ ይጽፉልሻል። ሌላው ቢቀር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ከዚያ ላይ ግማሿን ቀን ለራስሽ ብታደርጊ ምን አለበት?

ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ደግሞ መድኃኒት በምትወስድበት ቀን ትጠይቅ። ክትትሏን የያዙት ባለሙያዎች የሚልኳትን ቦታ ያውቃሉ።

ብቻሽን አትሂጂ የምለው ሌላ ምክንያት አለኝ፣ ለድፍረት ብቻ አይደለም። ከቅሬሽ (ከዕድርሽ) ወይም ከቡና ጎረቤትሽ ሁለት ሴት ይዘሽ ሂጂ። አንዷ ስትገባ አንዷ ልጅ ትይዛለች፣ አንዷ ወረፋ ትጠብቃለች። አንዷ ቀኑን ብትረሳ ሌላዋ ታስታውሳታለች። ደግሞ ለጎረቤት የተገባ ቃል ለራስ ከተገባው ይልቅ ይከብዳል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛ፦ የቤቱን ወሬ ከዋዜማው ጨርሺ

ይህን ደረጃ ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። እኔ ግን ምርመራው ራሱ ከዚህ ይቀላል ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሴቲክ አሲዱ ምርመራ ውጤቱ እዚያው ይነገርሻል። መታከም የሚገባው ነገር ከተገኘና መሣሪያው ካለ እዚያው፣ በዚያው ቀን ያክሙሻል። ጥሩ ነው፣ ሁለተኛ መመላለስ ቀረ። ግን ከሕክምናው በኋላ ለ4 ሳምንት ግንኙነት የለም። አልጋው ላይ ሆነሽ ሲስተሯ «አሁን እናክምሽ?» ስትልሽ «ቆይ፣ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» ካልሽ ያ ቀን ተበላሸ። ቤት ስትገቢ ደግሞ ሥራው ይውጥሻል።

ስለዚህ ምክክሩን ወደፊት አምጪው። ረጅም ንግግር አይፈልግም። ማታ ራት ከተበላ በኋላ፣ «የልጆቼ አባት፣ ነገ ትንሹን ላስከትብ ስሄድ እኔም ማህፀን በሬን እታያለሁ። ነገር ካገኙ እዚያው ያክሙኛል፣ ከዚያ አንድ ወር መተኛት የለም። ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ካንሰር እንዳይሆን ነው» ማለት ይበቃል። አብዛኛው ባል ቀድሞ ሲነገረው «እሺ» ይላል። የሚቆጣው ከሆነ በኋላ ሲሰማ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሊመጣ ይችላል። «ከማን አመጣሽው?» መልሱን ቀድመሽ እወቂው። ኤች ፒ ቪ በጣም የተለመደ ቫይረስ ነው፣ በወንድም በሴትም ሳይታይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ተገኘ ማለት ዛሬ ወይም ዘንድሮ መጣ ማለት አይደለም። ከማን እንደመጣም ምንም ምርመራ አይለየውም። አንተ ነህ አንቺ ነሽ ቢባባሉ ለሁለቱም ማስረጃ የለም። ይህን ከሲስተሯ አፍ ቢሰማው ይሻላል ካልሽ ይዘሽው ሂጂ።

አማትሽ ጋር የምትኖሪ ከሆነ «እማማ፣ ነገ ጠዋት ልጆቹን ያዙልኝ፣ ጤና ጣቢያ ጉዳይ አለኝ» በቂ ነው። ዝርዝሩ ያንቺ ነው። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት «እኔ ምን ያደርግልኛል» ስትል እሰማለሁ። ቫይረሱ የቆየው ከቀድሞ ጀምሮ ነው፣ ባል መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። መውለድ የጨረሰችም እንደዚያው።

አራተኛ፦ ቀኑን ከወር አበባሽ ጋር አስተያዪ

ደም እየፈሰሰ በደንብ አይታይም። ሲቆምልሽ ሂጂ። ለዚህ መተግበሪያ ምናምን አያስፈልግም፣ ከሶላት የምታርፍበትን ወይም ቤተ ክርስቲያን የማትገባበትን ቀን የማታውቅ ሴት የለችም። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ግንኙነት ይቅር፣ ወደ ውስጥ የሚገባ መድኃኒትም አይኑር፣ ውስጡን በሳሙናም በምንም አትታጠቢ። ውጩን በውኃ ብቻ ታጠቢ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

አምስተኛ፦ በቀኑ

ሰፊ ቀሚስ ልበሺ። ሱሪ ከለበስሽ ወገብሽን የምትሸፍኚበት ነጠላ ወይም ሰፊ ሻርፕ ያዢ። ቀሚስ ከሆነ የሚወልቀው የውስጥ ሱሪ ብቻ ነው፣ ሻሽሽም ሒጃብሽም ባለበት ይሆናል። ቦርሳሽ ውስጥ አንድ ሞዴስ፣ የጤና መድን ደብተር ካለሽ እሱን፣ የቀድሞ ካርድ ካለ እሱን ጨምሪ። ሽንት ቤት ገብተሽ ፊኛሽን ባዶ አድርጊ። ቁርስ ብዪ፣ ለዚህ መጾም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ትጠየቂያለሽ። ስንት ልጅ፣ መጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር፣ ደም ይፈስሻል ወይ። ከዚያ አልጋ ላይ በጀርባሽ ትተኚያለሽ፣ ጉልበትሽ ይታጠፋል፣ ይከፈታል። ስፔኩለም የሚባለው መሣሪያ ቀስ ብሎ ይገባና ይከፈታል። ይቀዘቅዛል፣ ይጫናል፣ ግን አይቆርጥም። ትንፋሽሽን ይዘሽ ከተጨነቅሽ ጡንቻው ይጠብቅና ያምሻል። በአፍሽ ረጅም አድርገሽ አስወጪ፣ መቀመጫሽን አልጋው ላይ ልቀቂው።

ቀጥሎ ሲስተሯ በረጅም መያዣ የተጠቀለለ ጥጥ አሴቲክ አሲዱ ውስጥ ነክራ ማህፀን በሩን ትቀባዋለች። መጠኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፣ ሽታው የሰላጣ ኮምጣጤ ሽታ ነው። ትንሽ ሊያቃጥልሽ ይችላል። ከዚያ ትጠብቃለች። ቢያንስ አንድ ደቂቃ። ይህች ደቂቃ ረጅም ትመስላለች። ዝም ብላ መብራቱን ይዛ ስታይ «ምን አየች?» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሥራው ራሱ መጠበቅ ነው። ጤነኛው ሥጋ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፣ የተለወጠው ቦታ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያንን ነው የምትፈልገው። ምን እያየች እንደሆነ ጠይቂያት፣ ጥሩ ባለሙያ እየሠራች ታወራሻለች።

መተኛትሽና መነሳትሽ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ቀንሽን የሚበላው ወረፋው ነው፣ ስለዚህ ነው በጠዋት ድረሺ የምልሽ። ማህፀን ይከፍታል፣ መውለድ ያስቀራል የሚባለውን ደግሞ ተዪው።

የኤች ፒ ቪ ናሙና በሚወሰድበት ቦታ ከሆነ ይለያል። አንዳንድ ቦታ ለስላሳ እንጨት የመሰለ ብሩሽ ይሰጥሽና መጋረጃ ውስጥ ራስሽ ትወስጂዋለሽ። ለምታፍር ሴት እሰየው ነው። ውጤቱ ግን በዚያው ቀን አይደርስም። እዚህ ላይ የምትሰጪው ስልክ ቁጥር የራስሽ ይሁን። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ የባልሽ ብቻ ከሆነ የእህትሽን ወይም የምታምኛትን ጎረቤት ስጪ፣ ውጤት የሚነገርበትን ቀንም በቃል ሳይሆን ካርዱ ላይ አስጽፊ።

ስድስተኛ፦ ውጤቱ ሲነገርሽ

ነጭ ነገር ካልታየ ቀጣዩን ቀን አስጽፊና ገበያሽ ሂጂ።

ነጭ ነገር ከታየ «ፖዘቲቭ» ይሉሻል። ይህ ቃል ያስደነግጣል፣ ብዙ ሴት ከኤች አይ ቪ ጋር ነው የምታያይዘው። ትርጉሙ ግን መታከም ያለበት ለውጥ አለ ነው፣ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። ክራዮ የሚሉት በቀዝቃዛ ጋዝ ነው፣ 3 ደቂቃ ያቀዘቅዛሉ፣ 5 ደቂቃ ያሳርፋሉ፣ እንደገና 3 ደቂቃ። ሌላው በትንሽ የጋለ መሣሪያ ያቃጥሉታል፣ እሱ ይበልጥ አጭር ነው። የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ሕመም ሊኖር ይችላል። ቆመሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።

ከዚያ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል። ሞዴስ ግዢ፣ አትደንግጪ። 4 ሳምንት ግንኙነት የለም። ግድ ከሆነ ኮንዶም። ወደ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ቅጠልም፣ ሳሙናም። ወይባ ጢስ የምትገቢ ከሆነም ቁስሉ እስኪድን ይቆይልሽ፣ ሲስተሯ ሳትፈቅድልሽ አትመለሺበት። ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ መግል መስሎ ከሸተተ፣ ከወር አበባ የበዛ ደም ከወረደ ወይም ሆድሽን አጥብቆ ከያዘሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ተመለሺ። ሁሉ ደህና ቢሆንም ከ12 ወር በኋላ እንደገና መታየት አለብሽ።

«እዚህ አናክመውም፣ ሪፈር» ከተባልሽ ወረቀቱን አጣጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው። እዚያው ቆመሽ ሦስት ነገር አስጽፊ፦ የት፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቀን። ለዚህኛው ጉዞ መደረብ የሚባል ነገር የለም፣ ለብቻው ቀን ይገባዋል። ይህ ነው ሌላውን ሁሉ ሥራ የምትጥይበት ቀን።

ሰባተኛ፦ ቀጣዩን ቀን የት ታስቀምጪዋለሽ?

ሦስት ዓመት ረጅም ነው፣ ማንም ይረሳል። ካርዱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጊው፣ እነሱ ጠፍተው አያውቁም። በስልክሽም ፎቶ አንሽው። ቀኑንም ከምታውቂው ነገር ጋር እሰሪው፦ «ኢምፕላኖኑ ሲወጣ»፣ «ትንሹ አንደኛ ክፍል ሲገባ»።

ሴት ልጅ ካለሽ ስለ ክትባቱም ትምህርት ቤቷን ጠይቂ። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በኋላ ከ9 ዓመት ጀምሮ ያሉትንም አካቷል። ለእሷ መከተብ፣ ላንቺ መመርመር። የእሷ መርፌ ያንቺን ምርመራ አይተካም።

49 አልፎሽ አንድም ቀን ካልተመረመርሽ «አልፎኛል» ብለሽ አትቅሪ። ወር አበባ ከቆመ በኋላ በዓይን የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ የአሴቲክ አሲዱ ምርመራ እንደ ወጣቷ አይሆንም። የዕድሜ ገደብ ከተደረገበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ሌላ ዓይነት ምርመራ ግን አለ፣ ከዚህ በፊት ታይተሽ እንደማታውቂ ነግረሽ የሚሆንሽን ጠይቂ።

ካርዱ ቢጠፋም ቀጠሮው አልጠፋም። ጤና ጣቢያው መዝገብ አለው። የተመረመርሽበትን ወርና ዓመት፣ በቀኑ የሰጠሽውን ስምና ቀበሌ ንገሪያቸው፣ ፈልገው ሌላ ካርድ ይጽፉልሻል።